ለፋሲካ ባሕር ዳር፦ በዚህ ሙቀት የት ልሂድ?

የማርቆሷ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለፋሲካ ከእናቴ ጋር ከደብረ ማርቆስ ልንወርድ ነው። እማዬ ሙቀት አትችልም፣ ጉልበቷንም ያማታል። ጢስ ዓባይ ይሻላል ወይስ የጣና ገዳማቱ?

የጣና ዳሩ፦ እህቴ፣ ጢስ ዓባይን ለመስከረም አቆዪው። በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ይቀጥናል። አምና በሚያዝያ 30 ኪሎ ሜትር ሄጄ ያየሁት ድንጋይ ነው። ልጄ «ፏፏቴው የታለ?» አለችኝ። በጠዋት በጀልባ ዘጌ ሂዱ። እዚያ ወዳለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው መንገድ የቡና ዛፍ ጥላ አለው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አይገባም።

ባለባጃጁ፦ አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ዓባይ ከሥር ይታያል፤ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም።

የማርቆሷ፦ ተባረኩ፣ ዘጌ ሆነ! የጣናን ዓሣ እንብላ ስላት ግን እማዬ «ሁዳዴን ጾሜ ለዓሣ ነው እንዴ?» ብላለች።