ስድስት ዓይነት ቢራ ቀምሰን ነጥብ ሰጠን፤ ውጤቱ ግን አልተዋጠልኝም

ጀማሪው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን። እስከዛሬ ቢራ ቢራ ነው ብለን ነበር የምንጠጣው። ባለፈው ቅዳሜ «እስቲ አንዴ በደንብ እንቅመስ» ተባባልንና ስድስት ዓይነት ሰበሰብን። ፒልስነር (ቀለል ያለው ወርቃማ ቢራ)፣ የጀርመን የስንዴ ቢራ፣ ፔል ኤል (ከአይፒኤ ምሬቱ ቀለል ያለ)፣ አይፒኤ (መራራው)፣ ስታውት (ጥቁሩ)፣ እንዲሁም 10 በመቶ አልኮል ያለው ኢምፔሪያል ስታውት። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ሰጠን።

ኢምፔሪያሉ 9 አገኘ። አይፒኤው 8፣ ስታውቱ 7፣ ፔል ኤሉ 6። ፒልስነሩ «ውሃ ነው፣ ደግሞ ይገማል» ተብሎ 4 ተሰጠው። የስንዴው ቢራ 3። ደፍርሷል፣ ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ተበላሽቷል ብለን ግማሹን ደፋነው።

በማግስቱ ሳስበው ነገሩ ከነከነኝ። ጠንካራው ሁሉ ከላይ፣ ቀለል ያለው ሁሉ ከታች ሆነ። የመዘንነው ጣዕሙን ነው ወይስ አልኮሉን? ለመሆኑ ስታውትና ፒልስነር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ?

ለመረጃ ያህል፦ የጀመርነው ከአይፒኤው ነው። ሁሉም ከፍሪጅ እንደወጣ ተቀዳ። ፍሪጅ ከመግባታቸው በፊት ግን ጠርሙሶቹ ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ስር ተደርድረው ነበር። የፒልስነሩ ጠርሙስ አረንጓዴ ነው፣ የሌሎቹ ቡናማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልንደግመው ነው። ምን እናስተካክል?

አረፋ አይቀር

መስኮቱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ወንድሜ፣ ፒልስነሩን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ።

ሆፕስ (ቢራ ሲጠመቅ የሚገባው መራራ አበባ) ለቢራ ምሬት የሚሰጡ ነገሮች አሉት። እነዚህ ብርሃን ሲያገኛቸው ይሰባበራሉ። ቢራው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ቢ2 ብርሃኑን ይቀበላል፣ ድኝ ያለባቸው ውህዶችም ይጨመሩበታል፣ መጨረሻ ላይ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ግማት ይወጣል። ፈረንጆቹ ስከንክ በሚባለው ግማታም እንስሳ ስም ነው የሚጠሩት። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል። አረንጓዴው ብዙም አይከላከልም። ነጩማ ጭራሽ። ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ደቂቃዎች ይበቁታል፣ እናንተ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ነው ያላችሁት!

ጣሳ ከሆነ ግን ብርሃን የሚባል አይገባውም። ብዙ ሰው ጣሳ ሲያይ ርካሽ ነገር ይመስለዋል፣ እኔ ለፒልስነር ጣሳ ነው የምመርጠው።

ጋሼ ጠማቂ

ለስንዴው ቢራ ጠበቃ ልቁምለት። ቤት ውስጥ መጥመቅ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ እንደዚህ ያለ ፍርደ ገምድልነት ግን ብዙ አላየሁም።

ልጄ፣ የዚያ ቢራ የጀርመን ስሙ ሄፈቫይሰን ነው። «ሄፈ» ማለት እርሾ ነው፣ «ቫይሰን» ማለት ስንዴ። ስሙ ራሱ «እርሾዬን አላጣሩትም» እያለህ ነው። የሚደፈርሰው በእርሾውና በስንዴው ፕሮቲን ነው። እንዲያውም ሲቀዳ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከተቀዳ በኋላ ጠርሙሱን ዞር ዞር አድርጎ ከታች የዘቀጠውን እርሾ መጨመር ነው ወጉ። ጥርት ያለውን የፈለገ ክሪስታልቫይሰን የሚባል የተጣራ ዓይነት አለለት።

የሙዙ ነገርም እንዲሁ። እርሾው ሲብላላ አይሶአሚል አሴቴት የሚባል ነገር ያወጣል፣ የሙዝ ሽታው እሱ ነው። ከሥሩ ቅርንፉድ የሚመስል ሽታም አለ፣ ደግመህ ብትቀምሰው ታገኘዋለህ። ሄፈቫይሰን ሙዝና ቅርንፉድ ካልሸተተ ነው ነጥብ የሚቀነስበት። ያው የሙዝ ሽታ ፒልስነር ውስጥ ቢመጣ ግን ጠማቂው ጥፋት ሠርቷል ማለት ነው።

የጥያቄህም መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። ስታውትና ፒልስነር እርስ በርስ አይመዘኑም። ስታውቱን «ስታውት ሊሆን የሚገባውን ያህል ሆኗል ወይ?» ብለህ ትመዝነዋለህ፣ ፒልስነሩንም እንደዚያው። የቅቤ ሽታ ውሰድ። ዳያሴቲል ይባላል። በአብዛኛው ላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላው የቢራ ወገን፣ ፒልስነርም ከእሱ ነው) ውስጥ ጉድለት ነው። በአንዳንድ የቼክ ላገርና የእንግሊዝ ኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላው ወገን) ውስጥ ግን በጣም ትንሽ ከሆነ ይፈቀዳል። ኮምጣጣነት ለፔል ኤል ሞት ነው፣ ለላምቢክ፣ ለቤልጂየሙ ኮምጣጣ ቢራ፣ ሕይወት።

የትም ቢገኝ ይቅርታ የሌላቸውም አሉ። ቀላል ቢራ የረጠበ ካርቶን ከሸተተ አርጅቷል ወይም ሙቀት መቶታል። አረንጓዴ ፖም ፖም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይበስል ወጥቷል ማለት ነው። የተቀቀለ በቆሎ ወይም ጎመን ከሸተተ ከብቅሉ የሚመጣ ነገር ነው፣ ጥቂቱ ቀላል ላገር ውስጥ ቢገኝ አያስቀይምም፣ ሲበዛ ግን ማስቀየሙ አይቀርም።

ጀማሪው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የደፋነው ግማሽ ጠርሙስ አሁን ነው ያሳዘነኝ። ግን አንድ ነገር፦ እያንዳንዱን በዓይነቱ ለመመዘን መጀመሪያ ዓይነቱን ማወቅ አለብኝ። ሳላውቀውስ?

ቁጥር ወዳድ

ከመቅመስህ በፊት ስለ እያንዳንዱ ዓይነት ሦስት አራት መስመር ጻፍ። ቀለሙ፣ ምሬቱ፣ ምን እንደሚሸት፣ አልኮሉ። ይበቃል።

የነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ፣ ከ10 መስጠቱን ተዉት። ሁሉም ሰው 6፣ 7 እና 8 ላይ ይከመራል። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ቢጄሲፒ የሚባል የቢራ ዳኞች ፕሮግራም አለ፣ የእነሱ ወረቀት ከ50 ነው። ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰማህ ውፍረትና ጋዝ 5፣ ለአጠቃላይ ስሜት 10። መልኩን ተመልከት፣ 3 ብቻ ናት። እናንተ «ደፍርሷል» ብላችሁ ስንት ነው የቀነሳችሁት?

38 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ምርጥ ነው። 45 እና ከዚያ በላይ ያገኘ በዓለም ደረጃ ልዩ የሚባል ነው፣ በየሳምንቱ አይገኝም። ከ21 እስከ 29 ያለው ሊጠጣ የሚችል፣ ግን የሆነ ነገር የጎደለው ነው።

ምላሴ ይመስክር

አቦ ቢራ ፈተና አደረጋችሁት። ሰው ወዶ ከጠጣው ወዶታል። ለመልክ 3 ለሽታ 12 እያልኩ ስደምር አረፋው አልቆ ቁጭ ይላል።

ቁጥር ወዳድ

ወንድም፣ ለዚህ እኮ ነው እኔ ሁለት ቁጥር የምጽፈው። አንዱ «በዓይነቱ እንዴት ነው?» የሚለው፣ ከ50። ሌላው «እኔ ወድጄዋለሁ?» የሚለው፣ ከ5። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ጭስ ጭስ የሚለው የጀርመን ራውህቢር ላይ 41 ጽፌ ከ5 አንድ የሰጠሁበት ቀን አለ። በደንብ የተሠራ ነው፣ እኔ ግን ሁለተኛ አልጠጣውም።

ምላሴ ይመስክር

እሺ የሁለት ቁጥሩ ነገር ተመችቶኛል። የ50ዋን ለእናንተ ትቻለሁ።

ቀዝቀዝ በል

ሙቀቱን ማንም አላነሳም። ከፍሪጅ እንደወጣ ቢራ ብዙም ሽታ የለውም። ቅዝቃዜ ሽታውን አስሮ ይይዘዋል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ቀላል ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ የስንዴና ፔል ኤል ከ7 እስከ 10፣ ኢምፔሪያል ስታውት ከ10 እስከ 13 ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ኢምፔሪያሉን ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ ፒልስነሩን ግን ልትቀዱት ስትሉ ብቻ። ብርጭቆው በጣም ከቀዘቀዘ በመዳፍ አቀፍ ማድረግ ነው።

ብርጭቆ ፍሪዘር ውስጥ የምታስገቡ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ።

አረፋ አይቀር

ብርጭቆ ከተነሳ፣ የሳሙና ወይም የቅባት ርዝራዥ አረፋ ይገድላል። ቢራው ከተቀዳ በኋላ የጋዝ ኳሶች የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው አልጸዳም። በደንብ አለቅልቁና ራሱ ይድረቅ፣ በፎጣ አትጥረጉት።

ስትቀዱ መጀመሪያ አዘንብሉት፣ ከግማሽ በኋላ ቀና አድርጉት፣ ሁለት ሦስት ጣት አረፋ ይኑረው። አረፋውን የሚፈሩ ሰዎች አይገቡኝም። ሽታውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ደግሞ ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱ፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ። አንዳንዱ ሽታ ከተቀዳ ከደቂቃ በኋላ የለም። አፍንጫችሁ ከደነዘዘ የራሳችሁን ክንድ አሽትታችሁ ተመለሱ፣ ይሠራል። ሽቶ ተቀብቶ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ግን ከሩቅ ይቀመጥ።

ጋሼ ጠማቂ

ቅደም ተከተሉን ላንሳና ልተኛ። ከአይፒኤ መጀመራችሁ ነው ሌሎቹን ያጠፋባችሁ። ምሬት ምላስ ላይ ይቆያል፣ ይደራረባልም። አይፒኤ በምሬት መለኪያ ከ40 እስከ 70 ነው፣ ሄፈቫይሰን ከ8 እስከ 15። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ውሃ ቢመስላችሁ አይገርምም። በስንዴው ጀምሩ፣ ከዚያ ፒልስነር፣ ፔል ኤል፣ ስታውት፣ አይፒኤ፣ መጨረሻ ላይ ኢምፔሪያል። በየመሃሉ ውሃና ቅመም የሌለው ዳቦ።

በቀለም ግን አትደርድሩ። ጥቁር ሁሉ ጠንካራ ይመስላችኋል። ጊነስ ድራፍት አልኮሉ ከ4 በመቶ ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ ወርቃማ የሆነው የቤልጂየም ጠንካራ ኤል ደግሞ 8 እና 9 በመቶ ይደርሳል። ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ከተቆላው ገብስ ነው፣ ስካሩ ከሌላ ቦታ።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአራት ሲካፈል 80 ሚሊ ያህል ይደርሳል። ለመቅመስ ከበቂ በላይ ነው። ምላስ ከስድስት ሰባት ዓይነት በኋላ እውነቱን አይናገርም። መኪና የሚነዳ ካለ ደግሞ ያን ቀን ወረቀት ይሙላ እንጂ አይቅመስ።

ቁጥር ወዳድ

የመጨረሻ ምክር። አንድ ሰው ብቻ ይቅዳ፣ እሱ ነጥብ አይስጥ። ብርጭቆዎቹ ከሥር ቁጥር ይለጠፍባቸው፣ ዓይነቱ ብቻ ይነገር፣ የምርቱ ስም አይነገር። እስኪጨርሱ ማንም አያውራ። አንዱ «ኡፍ እንዴት ደስ ይላል» ካለ የሁሉም ብዕር ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

አሁን ደግሞ ተንኮሉ፦ ቀጂው አንዱን ቢራ ሁለት ጊዜ ይቅዳው፣ ለማንም ሳይናገር። ለአንድ ቢራ ሁለት የተራራቀ ቁጥር የሰጠ ሰው የሌሎቹም ነጥቦቹ ምን ያህል እንደሚታመኑ ያውቃል። ከዚህ ጠንከር ያለ የፈለገ ሦስት ብርጭቆ ይቅዳ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን አውጣ ነው ጨዋታው። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይገኛል፣ ስለዚህ አንዴ ስላገኛችሁ አትኩራሩ።

ጀማሪው (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ያላችሁትን ሁሉ ማለት ይቻላል አደረግን። ጠርሙሶቹ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰነበቱ፣ ፒልስነሩን በጣሳ ገዛን። አንዱ ጓደኛችን ቀጂ ሆነ፣ ሦስታችን ቀማሽ።

የስንዴው ቢራ በአማካይ 37 አገኘ! ቅርንፉዱን አገኘሁት። መጀመሪያ ሙዙ ይመጣል፣ ቅርንፉዱ ከዋጥኩት በኋላ ነው ብቅ ያለው። ባለፈው «ተበላሽቷል» ብሎ ያስደፋን ጓደኛዬ አሁን ከ5 አምስት ሰጠው፣ ምንም አላልነውም። ኢምፔሪያሉ 39 ነው፣ ከላይ መሆኑን አልተወም። ግን «እኔ ወድጄዋለሁ?» በሚለው ላይ ሁለታችን 3 ነው የጻፍነው። ሁለት ጉንጭ ይጣፍጣል፣ ከዚያ በላይ ይከብዳል። አይፒኤው ወደ 31 ወረደ። ሆፕሱ ደብዝዟል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን ስናይ የተመረተው ከዓመት በፊት ነው። ማየት የነበረብን ከመግዛታችን በፊት ነበር።

አሁን ወደ ተንኮሉ። ሁለት ጊዜ የተቀዳው ፒልስነሩ ነበር። ሁለተኛ እና አምስተኛ ብርጭቆ ላይ። ሁለቱ ጓደኞቼ በሁለት በሦስት ነጥብ ነው የተለያዩት። እኔ፣ ይህን ሁሉ ጥያቄ የጠየቅኩት ሰው፣ ለሁለተኛው 35 ለአምስተኛው 26 ጻፍኩ። የአምስተኛው ማስታወሻዬ ላይ «ቀጭን፣ የመጀመሪያውን ያህል አይሆንም» ይላል። አምስተኛው የመጣው ከስታውቱ በኋላ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተውብኛል።

ለሚቀጥለው ላምቢክ ልናመጣ አስበናል። ጋሼ፣ ኮምጣጣነቱ እስከ ምን ድረስ ነው ልክ? እንዳንደፋው ብዬ ነው።

ጋሼ ጠማቂ

ሎሚ ወይም እርጎ ካስታወሰህ ጠጣው። ኮምጣጤው አፍንጫህን ከወጋህ ነጥብ ቀንስ። የፈረስ ጋጣ የመሰለ ሽታ ቢመጣ ግን እንዳትደነግጥ፣ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ሥራ ነው፣ የሚፈለግም ነው። ለጓደኞችህ አስቀድመህ ንገራቸው። አለዚያ እሱም ይደፋል።