«ከባድ ነፋስ» እና «ክብደት ያለው ነፋስ» አንድ ናቸው?

የሱሉልታዋ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ነፋስ የኩሽናችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ሊጠግን የመጣው ቆርቆሮ መቺ ምስማሮቹ እንጨቱ ላይ እንደተተከሉ መቅረታቸውን አሳየኝና «ይሄ ከባድ ነፋስ ብቻ አይደለም እትዬ፣ ክብደት ያለው ነፋስ ነው፤ ተንደርድሮ ነው የመጣብዎ» አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ የሚሮጥ ነገር ይዞት የሚሮጠውን፣ የፊዚክስ ሰዎች ሞመንተም የሚሉትን፣ በአንድ ቃል ምን እንበለው? ልጄ ጠይቃኝ አፌ ተያዘ።

ሰምና ወርቅ፦ «ከባድ» ብርታትን ይናገራል፤ ከባድ ዝናብ፣ ከባድ ሐዘን እንላለን፣ ሚዛን የሚያወጣ የለም። «ክብደት» ሲባል ግን ሚዛን ላይ ወጣ። ነፋስ ደግሞ የ«ነፍስ» እና የ«መንፈስ» ዘር ነው፤ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ አይመዘንም። ሰውዬው በዘይቤ ተናግሮ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ይመዘናል እንጂ! በባሕር ወለል 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ ከፍታ ስለሆነ 1 ኪሎ አይሞላም። ቢሆንም 4 በ4 የሆነች፣ ቁመቷ 2.5 ሜትር የሆነች ክፍል ውስጥ ከ35 ኪሎ በላይ አየር አለ። ነፋስ በሰከንድ 20 ሜትር ከነፈሰ፣ 10 ካሬ ሜትር ግድግዳን በየሰከንዱ 180 ኪሎ ገደማ አየር ይላተመዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው አየርም እጥፍ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ኪሎ የሚያሳርፈውም እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ግፊቱ 4 እጥፍ ነው። አውሮፕላንም ቢሆን ክንፉ አየሩን ወደ ታች እየገፋ ነው የሚነሳው። አየር ክብደት ባይኖረው ምን ላይ ይደገፋል?

የቅኔ ተማሪ፦ ኢዮብ ምዕራፍ 28 ላይ ለነፋስ ሚዛን እንደተደረገለት ተጽፏል። ረቂቅ ማለት የማይታይ፣ የማይጨበጥ እንጂ የማይመዘን አይደለም።

ሰምና ወርቅ፦ ወንድሜ፣ እኔ ቅኔ ቤት 7 ዓመት ተቀምጫለሁ። የ«ረቂቅ» ተቃራኒ «ግዙፍ» ነው። ነፋስ ግዝፈት አለው ልትለኝ ነው?

በገና፦ «ተንደርድሮ»ን ሁላችሁም አለፋችሁት! የእትዬ ቃል እሱ ውስጥ ነው። ሥሩ «ደረደረ» ነው፤ በገና ሲደረደር ጣት ከአውታር አውታር እንዴት እንደሚሮጥ እዩ።

የቅኔ ተማሪ፦ ድምፁ ይገጥማል፣ ትርጉሙ አይገጥምም። «ተንቀጠቀጠ» ብረት ከሚቀጠቅጠው «ቀጠቀጠ» መጣ እንደ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር፦ ሥሩ የትም ይሁን፣ ቦሌ ላይ «መንደርደሪያ» እንል የለም? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። «እንድርድሪት» ብንለውስ?

የቅኔ ተማሪ፦ መንደርደር ድርጊቱ ነው። እሳቸው የጠየቁት ሯጩ የያዘውን ነው።

የሱሉልታዋ፦ ቆርቆሮ መቺው ዛሬ ሥራውን ሊጨርስ መጥቶ ክርክራችሁን አነበብኩለት። ዝም ብሎ አንዱን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ነፋሱ ላይ አቆመው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደው። ከዚያ በጠርዙ አዞረው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጄ አይታ ገባት፤ ቃሉን ግን አሁንም እየጠየቀችኝ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ መጀመሪያ «ግዝፈት» ላይ እንስማማ።