ፎቶው አለ፣ ስሞቹ ግን ጠፍተዋል፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የድረ ገጽ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የድረ ገጽ ሐሳብ አብረን እንድናበጀው ነው ይህን የከፈትኩት። መነሻውን ታውቁታላችሁ። የግሩፓችን አድሚን አካውንት ተሰረቀ። ሌባው ስሙን ቀይሮ የማስታወቂያ መለጠፊያ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ግሩፑ ራሱ ጠፋ። ደጋግመን ብንጽፍም መልስ የሰጠን የለም።

የ1983ቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶ አስታውሱ። ፎቶው አሁንም በየሰው ስልክ አለ። ግሩፑ ላይ ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ ግን አብሮ ጠፋ። ያኔ አንዱ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሹራብ የለበሰው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ ከቶሮንቶ መለሰች። ሌላው «እሱማ በ90 ዓረፈ፣ ነፍስ ይማር» አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን 41 ተማሪዎችን በስም ለይተን ነበር። ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል። ከመለሱልን ሰዎች ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ረቂቁ እንዲህ ይጀምር እላለሁ፦ «ማኅበሩ በራሱ ስም የተመዘገበ ድረ ገጽ ይኖረዋል። ፎቶ፣ ቃለ ጉባኤና የኀዘን ማስታወቂያ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ወደ ቴሌግራምም ሆነ ወደ ሌላው የሚላከው ከዚያ ነው።»

ቲቸር (የቀድሞ የታሪክ መምህራችን፣ አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ሰው ቴሌግራም ለምዷል። ድረ ገጽ ከፍቶ ያያል ወይ? የእኔ ዘመን ሰው ቴሌግራሙን ራሱ በስንት መከራ ነው የለመደው።

ሌላም ነገር አለ። የማኅበሩ የመጀመሪያዎቹ ቃለ ጉባኤዎች እኔ ጋ በሲዲ አሉ። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከፈተልኝ። አንድ የአማርኛ ፊደል የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

አባል (ፕሮግራመር፣ አዲስ አበባ)

ቲቸር፣ አልተበላሸም፣ እንዳይጥሉት! ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላችንን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። አንዱ «መ»ን ያስቀመጠበት ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ፊደል ነው። የተጻፈበት ፎንት (የፊደሉ ቅርጽ ያለበት ፋይል) ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ፊደላችን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የጋራ ቁጥር ያገኘው ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት ቁጥር ደረጃ 3.0ኛ እትሙ ሲወጣ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየስልኩ አማርኛ የሚነበበው በዚያ ነው። የእርስዎንም ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል። የተጻፈበትን ፎንት ስም ማወቅ ነው ዋናው። ፓወር ግዕዝ ነበር ወይስ ሌላ? ቅዳሜ ቤትዎ መጥቼ ሲዲውን ልውሰደው?

ረቂቁ ላይ የፍለጋው ነገር ይጨመርልኝ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። አንዱ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልጇ ከዓመታት በኋላ የእናቷን ስም ብትፈልግ «አልተገኘም» ይላታል። ስለዚህ ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ አድርገን እናሠራዋለን። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ካልጠየቅን ማንም አይሠራልንም። ስሙ ሲታይ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ። የሰው ስም አናርምም።

አባል (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ለቲቸር ጥያቄ፦ ማንም ከቴሌግራም መውጣት የለበትም። ድረ ገጹ ላይ የወጣው ቦት በሚባል ራሱን ችሎ በሚሠራ ፕሮግራም ወደ ቴሌግራም ቻናላችን ይሄዳል። አንባቢው ባለበት ይደርሰዋል፣ ዋናው ቅጂ ግን እኛ ጋ ይቀራል።

እኔን ደስ ያለኝ ሌላ አዲስ ነገር አለ። ኢሜይልን አስቡ። የጂሜይል ሰው ለያሁ ሰው ይጽፋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ግን እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ነው የኖረው። አክቲቪቲፐብ የሚባለው ያንን በር መክፈቻ የጋራ ቋንቋ ነው። የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በ2018 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ማስቶዶን የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራው በእሱ ነው፣ የሜታው ትሬድስም በከፊል ተቀብሎታል። ድረ ገጻችንን ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከሠራነው ለዚህ የሚሆን ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለው። ያን ጊዜ ማስቶዶን ላይ ያለ ሰው የእኛን ገጽ ልክ እንደ አንድ አካውንት ይከተለዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከአባሎቻችን ማስቶዶን ያለው ስንት ነው? በሙከራ ይግባ። ዋናው አንቀጽ ላይ አልጽፈውም፣ ጉባኤው ላይ ማስረዳቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል።

አባል (ሪያድ)

እኔ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ባለፈው ወር በገንዘብ ያዣችን ድምፅ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። «እኅቴ፣ አንድ አባላችን ሆስፒታል ገብቷል፣ ዛሬውኑ በዚህ ቁጥር ላኪ» ይላል። ድምፁ ራሱ ነው። አነጋገሩም ራሱ ነው። ልልክ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። እሳቸው «አንቺ ልጅ» ሳይሉኝ አያውቁም። ደወልኩላቸው፣ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም።

አሁን የሰው ድምፅ ከአጭር ቅጂ ተነሥቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራል። የእሳቸው ድምፅ ደግሞ በየስብሰባው ቪዲዮ አለ። እባካችሁ ይህ ይጻፍልኝ፦ «ማንኛውም የገንዘብ ጥሪ ድረ ገጹ ላይ ካልወጣ የማኅበሩ ጥሪ አይደለም።» እዚህ በሰው ቤት ለፍተው የሚያዋጡ እኅቶች አሉ። የእነሱ ብር በዋዛ አይሂድ።

ገንዘብ ያዥ

አንቺ ልጅ፣ ደወልሽልኝ እንጂ ጉድ ሆነን ነበር። ያልሽው እንዳለ ይግባ። «ላኪው ራሱ በሚያውቀው ቁጥር ለገንዘብ ያዡ ደውሎ ያረጋግጣል» የሚል ጨምሩበት።

እኔ ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ የድረ ገጹ ስም በማንም ግለሰብ ስም እንዳይመዘገብ። ሰው ይጣላል፣ አገር ይቀይራል፣ ይሞታል። ቁልፉ ሁለት አገር ባሉ ሦስት ሰዎች እጅ ይሁን። መግቢያውም በፓስኪ ይሁን። አካውንታችን የተሰረቀው እኮ «በስህተት ኮድ ተልኮልሃል፣ ላክልኝ» በሚል መልእክት ነው። ፓስኪ ላይ ለሰው የሚነገር ኮድ የለም፣ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፣ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እንደነበር አትርሱ። ቪፒኤን የሌለው አባል የለቅሶ ወሬ የሚሰማው ከቀብር በኋላ ነበር። የአባላት ኢሜይልና የኤስኤምኤስ ዝርዝር ይኑረን።

ሦስተኛ፣ ያ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት መሆን የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1321። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶና ስም በፈቃዱ ይውጣ። ለሟች ቤተሰቡን እንጠይቅ።

አባል (ፕሮግራመር)

ትክክል ነው ጋሼ። ስልክና አድራሻ በመግቢያ ይዘጋ። ክፍት የሆነውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎች ሮቦት የሚባሉ ፕሮግራሞች መጥተው ይለቅሙታል። «አትግቡ» የሚል ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። እሱ ግን ማስታወቂያ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም፣ የሚያከብረው ያከብረዋል፣ የማያከብረው ይገባል።

ሁሉም ነገር በየወሩ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁሉንም አስገባሁ። በራሳችን ስም የተመዘገበ ገጽ፣ ሦስት ቁልፍ ያዦች፣ ፓስኪ፣ የገንዘብ ጥሪ ደንብ፣ ኢሜይልና ኤስኤምኤስ፣ ፈቃድ፣ የፊደል ፍለጋ፣ ሁለት ቅጂ። አክቲቪቲፐብ ለስድስት ወር በሙከራ። የቀረን ወጪው ነው። የሁለት ዓመቱን ክፍያ አስቀድመን እንክፈል ወይስ በየዓመቱ? ገንዘብ ያዣችን ዋጋ ጠይቀው እስከ ረቡዕ ያሳውቁን።

ቲቸር

ልጄ፣ ቅዳሜ ና፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሲዲውን ስትወስድ የ83ቱን ፎቶ በትልቁ አሳትመህ አምጣልኝ። ስልክ ላይ አይታየኝም። ሹራብ የለበሰውን አስተምሬዋለሁ፣ ስሙን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። የማውቃቸውን ሁሉ ከጀርባው እጽፍልሃለሁ።