ባዮጋዝ ጉድጓዴ ውስጥ የሶላር ሽቦ ባስገባስ?

የባሶናው፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሶና ወራና፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። የሦስት ላሞቼ እበት ድሮ ኩበት ነበር፤ አሁን የማብሰያ ጋዝ ወደሚወጣበት ባዮጋዝ ጉድጓድ ይገባል። ከጥቅምት ወዲህ ግን፣ ውርጩ ከያዘ፣ እሳቱ ሽሮ እንኳ አላፈላ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያለው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ከጋዙ ከ10 እጅ 4ቱ የማይነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ተህዋስያን ኤሌክትሪክ ካገኙ ወደሚነደው ጋዝ፣ ወደ ሚቴን፣ ይቀይሩታል» አለኝ። ጣሪያዬ ላይ 100 ዋት ሶላር አለ፤ ቀን ቀን ስልክ ከመሙላት በቀር ሥራ የለውም። ሁለቱን ሽቦ ጉድጓዱ ውስጥ ብከትስ? ባለቤቴ «ቤቱን ልታነደው ነው» ትላለች።

ቤተ ሙከራ፦
ልጁ አልዋሸም። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎቹ እነ ብሩስ ሎጋን ሚቴን ሠርተውበታል። በዓመቱ እነ ዴሬክ ሎቭሊ ስፖሮሙሳ ኦቫታ የምትባል ባክቴሪያ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ግራፋይት (የእርሳስ ውስጡ ጥቁር) ላይ አሳድገው፣ ኤሌክትሮኑን ከግራፋይቱ እየተቀበለች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አሴቲክ አሲድ አደረገችው፤ ያው የኮምጣጤው አሲድ።

ጉዱ ሒሳቡ ላይ ነው። አንዲት የሚቴን ሞለኪውል 8 ኤሌክትሮን ትፈልጋለች። በ3 ቮልት ቢሠራ 1 ኪሎ ሚቴን 40 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይበላል። ሶላርዎ በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ አንዳች ሳይባክን 12 ግራም ነው። የጥቂት ደቂቃ እሳት! ሲነድም የኤሌክትሪኩን ሲሶ ያህል ብቻ ይመልስልዎታል። አሴቲክ አሲዱ ይሻላል፣ እሱም ቢራ እንደሚጠመቅበት ያለ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በገፍ በሚወጣበት ቦታ እንጂ በጓሮ አይደለም።

ሽቦ አዋቂ፦
ባለቤትዎ ልክ ናቸው። አንደኛው ሽቦ ላይ ኦክስጅን ይወጣል። ሚቴን ሠሪዎቹን ተህዋስያን ይገድላል፤ ጋዙ በሚጠራቀምበት የጉድጓዱ ጉልላት ውስጥ ከሚቴን ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለቱን ወገን በስስ ሽፋን የሚለያዩት ለዚህ ነው። እባክዎ አይንኩት።

የመንዟ፦
ጋሼ፣ ካርቦኑን ተዉት፤ የጎዳዎት ብርዱ ነው። እነዚያ ተህዋስያን 35 ዲግሪ አካባቢ ይወዳሉ፣ በውርጭ ይደነዝዛሉ፤ ያነሰው ጋዙ ራሱ ነው። እኔ ጉልላቱን በጭድ ወፍራም አድርጌ አለብሳለሁ። እበቱን የምበጠብጠው ደግሞ ጥቁር በርሜል ውስጥ ፀሐይ ባሞቀው ውኃ ነው፣ አንድ ለአንድ። ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ የበጠበጥኩ ዕለት ማታውኑ አውቀዋለሁ።

የባሶናው፦
ሽቦው ቀረ። ያቺን «ልክ ናቸው» የምትለዋን ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ጭድ ሞልቷል። በርሜሉ ግን የግድ ጥቁር ነው? ቤት ያለው ሰማያዊ ነው።