የአክስቴ 40 ላይ ምን ልበል?

ጠያቂ፦ አክስቴ ዲሲ አርፋ 40ዋ ደርሷል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1980ውን የስደተኞች ሕግ ባወጣች ሰሞን ነው የገባችው። ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆና፣ ሳታገባ፣ ማንንም ሳታስቸግር ኖረች። እኛን ያስተማረን የእሷ ዶላር ነው። ምን ላንብብ?

መልስ 1፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ገድል አታድርገው፣ ሲያናድዳት የምትለውን ጻፍ።

ጠያቂ፦ ኧረ ሞልቷል! በረዶ ስትጠርግ አካፋውን ልቀበላት ስል፣ ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ እንዳጣፋች «ዞር በል፣ ማን አረጀ አለህ?» ትለኝ ነበር።

መልስ 2፦ በቃ እሱን አንብበው። የዕቁብ ጓደኞቿንም ጠይቅ፣ ቤተሰብ የማያውቀውን ያውቃሉ። ብቻ አታርዝመው፣ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ርቦት ነው የሚሰማህ።