መብራት ከጠፋ በኋላ ቨርቹዋል ማሽኔ አልነሳ አለ (ቨርቹዋልቦክስ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ላይ በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ኡቡንቱ ሊኑክስ እጠቀማለሁ። ማሽኑ ክፍት እያለ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የለኝም። አሁን ኡቡንቱው ስሙ ሥር «ኢንአክሰሲብል» (ሊከፈት አይችልም) ይላል፣ «ስታርት»ም አይጫንም። ዝርዝሩ ላይ «ዶክዩመንት ኢዝ ኢምፕቲ» (ፋይሉ ባዶ ነው) የሚል አለ። ውስጡ ባክአፕ ያልተደረገ ዳታቤዝ አለ። አጥፍቼ እንደገና ልፍጠረው?

ኔትወርከሩ፦ እንዳታጠፋው! «ሪሙቭ» ብለህ «ዲሊት ኦል ፋይልስ»ን ከነካህ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል። ይህ መልእክት የሚመጣው የማሽኑን ሴቲንግ (ራም፣ ሲፒዩ፣ የሚያያዘው ዲስክ) የያዘው ትንሹ ፋይል ሲበላሽ ነው። ስሙ በ«.ቪቦክስ» ያልቃል። ዳታው ያለው ትልቁ የዲስክ ፋይል፣ «.ቪዲአይ»፣ ውስጥ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ሴቲንጉን በጻፈ ቁጥር የቀደመውን ቅጂ «.ቪቦክስ-ፕሬቭ» ብሎ ያስቀምጣል፤ መፍትሔህ እሱ ነው።

መጀመሪያ የማሽኑን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርግ። ይህን ሳታደርግ ምንም አትንካ። ከዚያ ቨርቹዋልቦክስን ዝጋና ታስክ ማናጀር ላይ «ቪቦክስኤስቪሲ» (ከጀርባ የሚሠራው የቨርቹዋልቦክስ ክፍል) እስኪጠፋ ጠብቅ፤ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው»፣ «ሾው» ገብተህ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን አብራ፤ ካላበራህ የስሙን መጨረሻ መቀየር አትችልም። የተበላሸውን ሌላ ስም ስጠው፣ የፕሬቩን ቅጂ ከስሙ «-ፕሬቭ»ን አንሳለትና ቨርቹዋልቦክስን ክፈት።

ጠያቂ፦ ግን «.ቪቦክስ»ዬ 7 ኪሎባይት ነው፣ ባዶ አይደለም።

ሲስአድሚን፦ መጠኑ አያታልልህ። ዊንዶውስ የፋይሉን መጠን መዝግቦ ይዘቱን ሳይጽፍ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ በዜሮ ባይት ተሞልቶ ይቀራል። በኖትፓድ ክፈተው፤ ጤነኛ ከሆነ ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ታያለህ፣ ከተበላሸ ባዶ ነው። ፕሬቩንም እንዲሁ አረጋግጥ።

ሁለቱም ባዶ ከሆኑ አዲስ ማሽን ፈጥረህ ነባሩን «.ቪዲአይ» ታያይዛለህ። የድሮው በኢኤፍአይ (ማሽኑ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስጀምርበት አዲሱ ዘዴ) የተጫነ ከነበረ አዲሱም ላይ ኢኤፍአይ ይብራ፤ አለዚያ ሲስተሙን አያገኘውም። ስናፕሾት (የማሽኑ ሁኔታ በአንድ ወቅት የተቀመጠበት) ከነበረህ ግን ዋናውን ዲስክ አታያይዝ። ከስናፕሾቱ ወዲህ የጻፍከው ሁሉ «ስናፕሾትስ» ፎልደር ውስጥ ባለው ተከታይ ፋይል ነው ያለው። ዋናውን ብቻውን አስነስተህ ከጻፍክበት ሁለቱ አይገጥሙም፤ ያኔ ዳታው የምር ይበላሻል።

ጠያቂ፦ ስናፕሾት የለኝም። በፕሬቩ ተከፈተ፣ ተመስገን! አሁን ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» (ኡቡንቱ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ትእዛዝ የሚጠብቅበት ቦታ) ብሎ ቆመ።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ ይህ የውስጡ የፋይል ሲስተም ጉዳይ ነው። ከፍ ብለህ አንብብ፤ «ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መጠገኛ ትእዛዝ) በእጅ አስኬድ» የሚል መስመር ላይ የፓርቲሽኑ ስም ተጽፏል። ያንኑ ትእዛዝ ከፓርቲሽኑ ስም ጋር ጻፍ። «-ዋይ» ከጨመርክበት ለእያንዳንዱ ጥያቄ ራሱ «እሺ» ይላል፣ ግን ኮፒውን ካልያዝክ አትጨምረው። ሲጨርስ «ኤግዚት» በል።

ሲነሳ መጀመሪያ ዳታቤዙን ዳምፕ አድርገህ (ይዘቱን በሙሉ ወደ ፋይል ገልብጠህ) ከማሽኑ ውጭ አስቀምጥ። ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ሴቲንግ ውስጥ ሳታ ኮንትሮለሩን (ዲስኩ የተያያዘበትን) ምረጥና «ዩዝ ሆስት አይኦ ካሽ» በርቶ እንደሆነ አጥፋው፤ ሲበራ ኡቡንቱ ጻፍኩ ያለው ገና በዊንዶውስ ራም ላይ ሊሆን ይችላል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።