በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን ጣሪያ ላይ ሶላር ልትከልላችሁ ላለን ድርጅት ምን መልስ እንስጥ?

የብሎኩ ጸሐፊ፣ አራት ኪሎ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ እኔ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ታዳሽ ኃይልን በከተማው ነዋሪ ዘንድ ለማስፋፋት የሚሠራ አንድ ለትርፍ ያልቆመ አገር በቀል ድርጅት በቅርቡ ደብዳቤ ጽፎልን ነበር፤ ባለሙያዎቹም መጥተው ጣሪያውን ለክተው ሄደዋል። ድርጅቱ ለደረጃና ለግቢ መብራት፣ እንዲሁም ውኃ ወደ ላይኛው ሮቶ ለሚገፋው ፓምፕ የሚሆን ሶላር እንደሚተክልልን፣ ለፈለገ አባወራ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ በቅናሽ እንደሚያቀርብ፣ ከሰፈሩ ወጣቶች መካከል ለተመረጡትም የተከላና የጥገና ሥልጠና እንደሚሰጥ ገልጾልናል። ከእኛ የሚጠብቀው ጣሪያውን እንድንፈቅድና ከወጪው ሩብ ያህሉን እንድናዋጣ ነው።

ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ ስናቀርበው ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለ። ከነባር ነዋሪዎቻችን አንዱ የሆኑ አዛውንት፣ «የእኛ መብራት ድሮም ቢሆን ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ውኃም ታዳሽ ነው፤ ታዲያ ታዳሹን በታዳሽ ለመተካት የምናዋጣው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። የድርጅቱ ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡ እንጂ ለጋሼ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ አልሰጡም። ሌሎች ነዋሪዎች ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃውም አብሮ ስለሚቋረጥባቸው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቶሎ ይተከልልን ባዮች ናቸው። የአዛውንቱ ጥያቄ በቂ መልስ ይኖረው እንደሆነና፣ ውል ከመፈረማችን በፊት ድርጅቱን ምን ምን ልንጠይቀው እንደሚገባ ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩን በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ።


የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ

አዛውንቱ ያሉት እውነት ነው፤ ድርጅቱም ሊሸሸው አይገባም ነበር። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው። ቀሪውም ቢሆን አብዛኛው እንደ አዳማና አሸጎዳ ካሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ አዲስ አበባ መሐል ላይ ሶላር መትከል አየሩን ያጸዳል የሚለው ምክንያት፣ መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ለሚመነጭበት አገር የሚስማማውን ያህል ለእኛ አይስማማም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው እዚያ ላይ አያበቃም። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ አንሶ ግድቦቹ ሲጎድሉ ከተማው በየተራ ይጨልም ነበር። ፀሐይ የምትበረታው በበጋ፣ የግድቦቹ ውኃ እየቀነሰ በሚሄድበት ወቅት ሲሆን፣ የምትደክመው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ግድቦቹ በሚሞሉበት ወቅት ነው። ሁለቱ አንዱ የአንዱን ጉድለት ይሸፍናሉ። ከዚህም በላይ የእናንተ ችግር የኃይሉ ምንጭ ሳይሆን ወደ ብሎካችሁ የሚመጣው መስመርና ትራንስፎርመሩ ነው፤ ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ፓምፑ አይነሳም። ለአዛውንቱ መመለስ የነበረበት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በደረጃውና በግቢው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች 10 ቢኖሩና ሌሊቱን ለ12 ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 1.1 ኪሎ ዋት ፓምፕ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ 2.2 ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ላይ በአማካይ በቀን የአምስት ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ስለሚገኝ፣ ለብክነት ሩቡን ቀንሰን ብናሰላው እንኳ አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል ለሁለቱም ይበቃል። ይህም ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ትልልቅ ፓኔሎች ሁለት ብቻ ማለት ነው። ለክረምቱ መጠባበቂያ እንዲሆን ሦስተኛ ቢታከል ክፋት የለውም። ድርጅቱ ጣሪያውን በሙሉ ሊሸፍን ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁት። በሌላ በኩል እንጀራ በሶላር እንጋግራለን የሚል ተስፋ ለነዋሪው አትስጡ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ የአንድ ቤት የሳምንት እንጀራ የደረጃውን መብራት የበርካታ ቀናት ፍጆታ ይበላዋል።

ሦስት ነገሮችን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩ። ፓምፑ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ፣ ኢንቨርተሩ (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) ይህንን የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ፤ የፓምፑን ልክ ብቻ የያዘ ኢንቨርተር በየማለዳው ይዘጋባችኋል። የፓኔሉ ብረት ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከሥሩ ካለው ማገር ጋር ይታሰር፤ ቀጭን ኢጋ ቆርቆሮ ላይ የተመታ ብሎን በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል፤ የሚያፈሰውም አራተኛ ፎቅ ባለው ሰው አልጋ ላይ ነው። ባትሪው የአሲድ ይሁን የሊቲየም ተለይቶ ይገለጽ። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ለ1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት የዚያን እጥፍ የሚይዝ፣ ማለትም ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ያስፈልጋል። ሊቲየሙ ሲገዛ ቢወደድም ብዙ ዓመት ይከርማል።

ስለ ውኃ ማሞቂያው አንድ ነገር ልጨምር። ከቀረቡላችሁ ሁሉ ለአንድ አባወራ ትልቁን ቁጠባ የሚያመጣው እሱ ነው። 200 ሊትር ውኃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 8.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየጊዜው እየጨመረ በመምጣቱ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን በብርጭቆ ቱቦ የሚሠራው ዓይነት ውኃ በሌለበት ቀን በፀሐይ ግሎ ይቆይና፣ ከሰዓት በኋላ የፈረቃው ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲገባበት ይሰነጠቃል። ውኃችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ማሞቂያው ሁልጊዜ ከሚሞላ ሮቶ ጋር ካልተያያዘ በቀር አትግዙት።


የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ስድስት ኪሎ

መሐንዲሱ የቴክኒኩን በሚገባ ስላብራሩልን እኔ ስለ ድርጅቶቹ እናገራለሁ፤ ብዙ ዓመት የሠራሁት በዚሁ ዘርፍ ነውና።

ሶላር ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በፓኔሉ ምክንያት አይደለም። ፓኔል ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የሚሞተው ባትሪው ሲደክም የሚተካበት ገንዘብ ባለመኖሩ ነው፤ ያም ቀን የሚመጣው ፕሮጀክቱ ተዘግቶ፣ ሪፖርቱ ለለጋሹ ተልኮ፣ አስተባባሪው ሌላ መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ይህንን በገጠር ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። ከአንዱ ክፍል ውስጥ ሦስት ባትሪዎች ጫፋቸው አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ፣ በላያቸው የትምህርት ቤቱ ያረጁ መዝገቦች ተደርድረውባቸው አግኝቻለሁ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ፓኔል ግን አዲስ ይመስል ነበር። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባለው ቀበሌ በአንድ የጀርመን ፋውንዴሽን ድጋፍ የተሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሳው፣ ለየቤቱ ሶላር ከማዳረስ ባሻገር ቴክኒሻኖችን እዚያው መንደሩ ውስጥ ስላሠለጠነ ነው። ከፋንድያ ማብሰያ ጋዝ የሚያወጣው የባዮጋዝ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ሊሠራ አቅዶ የሠራው 8,000 ገደማ ሲሆን፣ ከተሠሩትም ውስጥ ፋንድያና ውኃ በማጣት ሥራ ያቆሙ ነበሩ።

ስለዚህ ለድርጅቱ ከምታቀርቡት ጥያቄ ሁሉ የሚቀድመው የባትሪው መተኪያ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። እኔ ብሆን ሩቡን ወጪ ለድርጅቱ ከማዋጣት ይልቅ፣ ያው ገንዘብ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ለመለዋወጫ እንዲቀመጥ እደራደር ነበር። የጋራ ቆጣሪው ከሚቀንስላችሁ ሒሳብ ላይም በየወሩ ወደዚያው ይግባ። ሰፈራችሁ ውስጥ ጠንካራ ዕድር ካለ ሒሳቡን ዕድሩ ቢይዘው የበለጠ እተማመናለሁ፤ ኮሚቴ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየራል፣ ዕድር ግን ቀብር ስላለበት መዝገቡን አይጥልም።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ የሚሠለጥኑት ወጣቶች እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። የምስክር ወረቀት ለመያዝ የሚመጣ ልጅ በማግስቱ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቅ ያለው ወይም በሙያው የሚተዳደር ልጅ ካለ እሱ ይሠልጥን፤ የመጀመሪያው ዓመት ጥገናም በክፍያ ለእሱ ይሰጠው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጋሼ ያነሱትን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ብንወስደው፣ መሐል አዲስ አበባ ላይ ታዳሽ ኃይልን አስፋፋለሁ የሚል ድርጅት ትልቁ ሥራው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ማዕድ ቤት ውስጥ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ከሕንፃችሁ ኋላ ያሉትን የቀበሌ ቤቶች ተመልከቱ፤ አምስት ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀም ምጣድ ሲሰካ ፊውዙ ይወድቃል፤ ወጡ በከሰል፣ ቡናውም በከሰል ነው። የእናንተም የጋራ ማዕድ ቤት ግድግዳ ጠቁሮ እንደሆነ እገምታለሁ። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሸክማቸውን የሚሸጡት ለዚህ ከተማ ነው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል፤ ላቀች የምትባለው የተሻሻለች የከሰል ምድጃም ከተራው የከሰል ምድጃ ትሻላለች። ቆጣሪን ለየቤቱ ለማስለየት የሚደረግ እገዛ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ከሰል ያስቀራል። ለፎቶግራፍ የሚያምረው ፓኔሉ ነው፤ ቆጣሪ ፎቶ አይነሳም። ቢሆንም ድርጅቱ ወጣት ከሆነና የሚሰማ ጆሮ ካለው ይህንንም አንሱለት።


የሕግ ባለሙያ፣ ልደታ

በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ መጠቀሚያ በመሆኑ፣ የኮሚቴው ፊርማ ብቻውን አይበቃም። መተዳደሪያ ደንባችሁ በሚጠይቀው ድምፅ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ ቃለ ጉባኤውም ከውሉ ጋር ይያያዝ። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን የሚያሳየውን ሰርተፊኬት ቅጂ ተቀበሉ፤ የምታዋጡትም በባንክ በኩልና በደረሰኝ ይሁን። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ዕቃው የማኅበሩ ንብረት ስለመሆኑ ግልጽ አንቀጽ ያስፈልጋል። እኔ በማውቀው አንድ ሕንፃ ላይ ይህ ባለመጻፉ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ሥራውን ሲያቆም ኢንቨርተሩን ፈትቶ ሲወስድ ነዋሪው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማለት አልቻለም። በኮሪደር ልማት ወይም በሌላ ምክንያት ዕቃው የሚነሳ ቢሆን ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም አካትቱበት።


የብሎኩ ጸሐፊ፣ አራት ኪሎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመሐንዲሱን ማብራሪያ ለጋሼ አንብቤላቸው፣ «እንዲህ ቢሉኝማ ኖሮ መች እከራከር ነበር» ብለዋል፤ የትራንስፎርመሩ ነገር አሳምኗቸዋል። የባትሪውን መተኪያ ሒሳብ በሚመለከት የስድስት ኪሎዋ እህታችን ያቀረቡትን ሐሳብ ኮሚቴው ተቀብሎታል፤ ሆኖም ዕድራችን ሦስት ብሎኮችን ስለሚያቅፍ የአንዱን ብሎክ ገንዘብ ለይቶ ለመያዝ ይስማማል ወይ የሚለው ገና አልታወቀም። የጋራ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ባሉት መሠረት ጠቁሯል።

ለመሐንዲሱ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወደ እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ቀናት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ፓምፑ ውኃውን የሚስበው በቀጥታ ከመስመሩ ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ታንከር የለንም። በሌሊት ፀሐይ ስለሌለ ፓምፑን በባትሪ ማስነሳት ይሻላል?


የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ

አይሻልም። መብራቱን አብርቶ ሌሊት ለሁለት ሰዓት ፓምፑንም የሚያንቀሳቅስ ባትሪ ለመብራቱ ብቻ ከሚያስፈልጋችሁ ሦስት እጥፍ ይሆንና፣ ከአራት ዓመት በኋላ ልትተኩት የማትችሉት ዕዳ ይሆንባችኋል። ከመስመር በቀጥታ መሳብም ለጎረቤት የሚደርሰውን ግፊት ስለሚቀንስ ሌላ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ቢያንስ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ነው፤ ውኃው ሌሊት ያለ ፓምፕ በራሱ ግፊት ይግባበት፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትጠነክር ፓምፑ ወደ ላይ ይግፋው። የላይኛው ሮቶ እንደ ባትሪ ያገለግላችኋል ማለት ነው። ድርጅቱ የታንከር ግዢ በበጀቱ ውስጥ የለም ሊላችሁ ይችላል፤ እንደዚያ ካለ ሦስተኛውን ፓኔል ቀንሶ በእሱ ፋንታ ሮቶውን ይግዛላችሁ። የታንከሩን መቆሚያ ስታሠሩ ውኃው ሲሞላ ክብደቱ 10 ቶን እንደሚሆን ለግንበኛው ንገሩት፤ ስፍራውም ከፍሳሽ ማስወገጃው ጉድጓድ የራቀ ይሁን።